ከመኪናዋ ጋር የማይመጣው ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ስለ መኪናዋ መጀመሪያ የሚሰማው ስሟን ነው። «ራቭ ፎር እኮ ናት»፣ «ቪታራ ናት፣ አታስቸግርም»፣ «ቶዮታ ገዝቶ የከሰረ የለም» ይባላል። ዘይቷ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር እንደነበር፣ ቴስታታዋ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር የራሷ መሆን አለመሆኑ የሚነሳው ከስሙ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይነሳ ይቀራል። ይህን የገዢ የዋህነት ወይም የደላላ ብልጠት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ልማዱ የራሱ ታሪክ አለው። አነስተኛ የቤንዚን ኤስዩቪ ወደ አገራችን በመጣችበት መንገድ ላይ ያገለገለችበት መዝገብ ከእሷ ተለይቶ ቀረ፤ ገበያውም ክፍተቱን በስም ሞላው። ስሙ በአብዛኛው አላሳፈረም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ለስም የሚከፍል ገበያ መኪናውን በወጉ የያዘውንና አንገላቶ የነዳውን ባለቤት በአንድ ዋጋ ስለሚያስተናግድ፣ ስሙን ያስከበረውን ጥገና ራሱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

የምንገዛውን ነገር በዓይንና በእጅ መመርመር የቆየ ሙያችን ነው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ ያስኬዳታል፣ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ዕድሜዋ ጥርሷ ላይ ስላለ ሻጩ ሊቀንሰው አይችልም። መኪና እንዲህ ያለ ምልክት የላትም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ይህ ብዙ አላስቸገረም። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥቱ፣ የሌጋሲዮኖችና የጥቂት ባለጸጎች ንብረት ነበረች፤ የማን እንደነበረችና ማን እንደነዳት ለማወቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም ነበር። ከ1936 እስከ 1941 በዘለቀው የጣሊያን ወረራ መንገድ ተዘረጋ፣ የፊያትና የላንቺያ ካሚዮኖች በብዛት ገቡ፣ ጋራዦች ተከፈቱ፤ በእነዚያ ጋራዦች በረዳትነት የገቡ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመኪና ታሪክ የሚቀመጠው በመካኒኩ ጭንቅላት ውስጥ ሆነ። ገዢው መኪናዋን ባያውቃት ጠጋኟን ያውቀው ነበር።

የደርግ ዘመን ይህን የሰው መዝገብ ይበልጥ አጠነከረው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር በ1966 ባደረጉት ስምምነት መሠረት በ1970 ማምረት የጀመሯት መኪና ከፊያት 124 የተቀዳች ነበረች፤ ላዳ ተብላ ወደ እኛ ስትመጣም በፊያት እጁን ላፍታታ መካኒክ ባዕድ አልሆነችበትም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የሆነችው ላዳ ከአንዱ ሹፌር ወደ ሌላው ስትሸጋገር ብልሽቷ ሁሉ በሰፈር ጋራዥ የታወቀ ነበር። በ1977 የወጣችው ላዳ ኒቫ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዳ ካምቢዮ፣ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ፣ ከአካሉ ያልተለየ ሻንሲ ነበራት፤ ጃፓኖች በኋላ ለዓለም የሸጡት ሐሳብ ግማሹ እሷ ላይ ነበር። መበላሸቷ አይቀርም፣ ግን ካቻቢቴና ጥቂት መፍቻ የያዘ ሰው ካርቡራተሯን አጽድቶ፣ ፑንቲናዋን አስተካክሎ መንገድ ላይ ያስነሳታል። በዚያ ዘመን ሰው መኪናዬን አምናታለሁ ሲል በቀላሉ ትጠገናለች ማለቱ ነበር። ይህ እምነት የሚቆመው በሰው ላይ ስለሆነ ወረቀት አልጠየቀም።

ከዚያ ጃፓኖች መጡና መመዘኛው ተለወጠ። ሱዙኪ በ1988 ቪታራን ለገበያ አቀረበ። ቶዮታ በ1989 የቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ ንድፏን ያሳያትን ራቭ ፎር በግንቦት 1994 መሸጥ ጀመረ፤ ሆንዳ ሲአርቪ በ1995፣ ሱባሩ ፎሬስተርና ዳይሃትሱ ቴሪዮስ በ1997 ተከተሉ። ራቭ ፎር ከፍ ያለች ብትሆንም አጥንቷ የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ብዙ ክፍሏ ከቶዮታ አነስተኛ መኪኖች የተወሰደ ነበር። የመጀመሪያዋ ትውልድ የተሸከመችው 3ኤስ-ኤፍኢ የተባለውን 2.0 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ ብሎኩ ብረት ነው፣ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ይረጫል፣ የታይሚንግ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ቺንጋውን በጊዜው ያልቀየረ ባለቤት መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ሞተሩን አያጣም። ባለቤቱ ቸል ቢል ሞተሩ የሚታገሰው እንዲህ ያለ መኪና ስሙን ቢያስጠራ አይገርምም፤ ገዢዎችም ከሱ የወሰዱት ትምህርት ስሟን ካወቁ ባለቤቷን ማወቅ እንደማያሻ ነበር።

ትምህርቱ ለአንድ ሞተር ልክ ነበር፤ ስሙ ግን ሞተሩን ጥሎ ሄደ። በ2000 የወጣችው ሁለተኛዋ ራቭ ፎር ለአውሮፓ ገበያ 1ኤዜድ-ኤፍኢ የተባለ ሞተር ይዛ ስትሄድ፣ ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራችው ግን ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን 1ኤዜድ-ኤፍኤስኢ ተሸከመች፤ ይህ ሁለተኛው በካርቦን ክምችት የሚታማ፣ ንጹሕ ቤንዚንና የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ነው። የዚያው ትውልድ 1.8 ሊትሯ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ነበራት፤ የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ፒስተኖች ዘይት የሚመልሱበት ቀዳዳ አንሶ ፋሻው በጥቀርሻ ስለሚያዝ ዘይት ይበላ ነበር። 2.4 ሊትር የሆነው 2ኤዜድ-ኤፍኢ ደግሞ ሁለት ሕመም አለበት። በቀደሙት ላይ ቴስታታውን የሚይዙት ቡሎኖች የገቡበት የአሉሚኒየም ብሎክ ጥርስ እየተላጠ፣ ውሃ በብሎኩ ጀርባ በኩል ይሰርጋል፤ ከ2006 አካባቢ ጀምሮ በተሠሩት ላይ ደግሞ የዘይት መብላቱ በርትቶ፣ ቶዮታ በአሜሪካ ለተወሰኑ ሞዴሎች የዋስትናውን ጊዜ አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ እስከ መቀየር ደርሷል። ይህ ሁሉ ቶዮታ መጥፎ ነው አያሰኝም። አንድ ስም በጀርባዋ ላይ የተለጠፈባት መኪና አራት ዓይነት ዕጣ ሊኖራት እንደሚችል ግን ያሳያል፤ ያን የሚለየው የሞተሩ ኮድ፣ የተመረተበት ዓመትና የዘይቱ ታሪክ ነው።

የመኪናዋ ታሪክ በተነሳችበት አገር ተጽፎ ነበር። በጃፓን አዲስ መኪና በ3 ዓመቷ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ አስገዳጅ ምርመራ ታልፋለች፤ ከ2004 ጀምሮ የቆጣሪዋ ንባብ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ምርመራው ወጪ ስላለው ብዙ ባለቤቶች መኪናቸውን ገና ደህና ሳለች ይሸጣሉ፤ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ዓለምን ያጥለቀለቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚሸጡት በጨረታ ሲሆን እያንዳንዷ መኪና አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ትቀርባለች። ወረቀቱ ላይ ከላይ ሆኖ የታየ የመኪና ሥዕል አለ፤ መርማሪው ጭረት ያለበትን በአንድ ፊደል፣ የተሰረጎደውን በሌላ፣ ተጠግኖ የተቀባውን በሦስተኛ፣ የዛገውን በአራተኛ፣ የተቀየረውን ክፍል በአምስተኛ ፊደል ቦታ ቦታው ላይ ይጽፋል። ጥግ ላይ አጠቃላይ ደረጃ በቁጥር ይሰጣል፤ ግጭት ደርሶባት አጥንቷ የተጠገነችው በቁጥር ፈንታ አር የሚል ፊደል ትይዛለች። የማይተዋወቁ ነጋዴዎች መኪናዋን ሳያዩ ሊገዟት የቻሉት በዚህ ገጽ ነው። በእኔ ግምት ከሞተሩ እኩል ሊደነቅ የሚገባው የጃፓን ሥራ ይህ ነው፤ አንድም ጊዜ ግን ሲወደስ አይሰማም።

ያ ገጽ አዲስ አበባ አይደርስም ነበር። መንገዱ በአረብ ኢምሬትስ በኩል ያልፍ ነበር፤ በዱባይ በ2000 የተከፈተውን የመኪና ነፃ ቀጣና የመሳሰሉ ቦታዎች ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተሰበሰቡ መኪኖች እንደገና የሚሸጡባቸው ናቸው። የጨረታው ወረቀት የጅምላ ነጋዴው ሰነድ ሆኖ እዚያው ይቀር ነበር። ከጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የመጡት መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ የብዙዎቹ መሪ እዚያው ወደ ግራ ይዞር ነበር። ይህ ማለት ዳሽቦርዱ ይወጣል፣ መሪው የሚያልፍበት ግድግዳ ይበሳል፣ ፔዳሎቹ ይዛወራሉ፣ ሽቦው ይቀጠላል፣ ኤርባጉ የነበረበት ቦታ ይለወጣል። በፋብሪካው የተሰጣት ስም እንደነበረ ነው፤ የፊት ክፍሏ ግን ፋብሪካው የማያውቀው እጅ ገብቶበታል። ቆጣሪዋም በዚያው መንገድ ላይ መንካት ለሚፈልግ ክፍት ነበረች፤ በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ላይ ቁጥር መቀነስ የላፕቶፕ ሥራ ነው። ከዚያ በጅቡቲ በኩል ስትገባ ይጠብቃት የነበረው ሰነድ ሊብሬ ነው። ሊብሬ የሻንሲ ቁጥሯን፣ የሞተር ቁጥሯን፣ ሲሲዋን፣ የተሠራችበትን ዓመትና ባለቤቷን ይነግረናል፤ መንግሥት ንብረትን ለመለየትና ቀረጥ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል። ስለ ጤናዋ ምንም አይልም፤ የተሠራው ለዚያ አይደለምና።

ቀረጡም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ከ2020 በፊት በነበረው ሕግ የኤክሳይዝ ታክሱ እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነች መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። ገዢው ከመንገዱና ከቤተሰቡ ብዛት በፊት የሲሊንደሩን ስፋት ማየት ነበረበት። 1,300 ሲሲ ያልሞላችው ቴሪዮስ በዚህ ስሌት ስትወደድ፣ 1,794 ሲሲ የሆነችው ራቭ ፎር ደግሞ ከ2.0 ሊትሯ እህቷ ቀድማ ታየች፤ ያቺው ዘይት በመብላት የታወቀውን ሞተር የተሸከመችው ማለት ነው። በመቶኛ የተሰላ ቀረጥ ደግሞ ርካሿን፣ ማለትም አሮጌዋን መኪና ያበረታታል፤ በውጭ ዋጋዋ የወደቀ መኪና እዚህ ስትደርስ ቀረጧም አብሮ ይወድቃልና። የ2020ው አዋጅ ይህን ገልብጦ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለችውን ከራሷ ዋጋ በብዙ እጥፍ እስከ ማስከፈል ሄደ። የሁለቱም ሕጎች ሚዛን ከሞተር ስፋትና ከዕድሜ አላለፈም። በወጉ የተያዘች የ10 ዓመት መኪና ከተንገላታች የ4 ዓመት መኪና ልትሻል እንደምትችል የሚመዝን መስፈርት አልነበራቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም ነበር፣ ማስረጃው ዱባይ ቀርቷል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጥናት ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው አይሸጥም፣ መጥፎ ያለው ይሸጣል፣ በመጨረሻም ገበያው ይፈርሳል። የእኛ ገበያ አልፈረሰም። መኪና ጥቂት፣ ብር እየረከሰ የሚሄድ ስለሆነ ባለቤቷ ነድቷት ከገዛበት በላይ ሲሸጣት አይተናል፤ ጥሩ ስም ያላት ደግሞ በቀናት ውስጥ ትወሰዳለች። ስሙ ገበያውን ከመፍረስ አዳነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያዳነበት ዋጋ አለ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የቀየረውና ቺንጋውን በጊዜው ያስቀየረው ሰው ሲሸጥ የሚያገኘው፣ ዘይት ሲያልቅ ብቻ የጨመረው ጎረቤቱ ከሚያገኘው ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም የሸጡት ራቭ ፎር ነው። ጥሩ ጥገና የማይከፈልበት ወጪ ሲሆን ሰው ከጥገናው ይቀንሳል። ቀለም መቀባትና መቀመጫ ማልበስ ግን ዋጋ ይጨምራል፣ ስለዚህ ገንዘቡ ወደዚያ ይሄዳል።

ለስሙ የሚቆም ሰው ጠንካራ መልስ አለው። ስም ማለት መለዋወጫ ማለት ነው ይላል። ሶማሌ ተራ ሄዶ የራቭ ፎርን አልተርኔተር አዲስም ያገለገለም፣ ከአንድ በላይ ሱቅ አማርጦ የሚገዛ ሰው፣ እምብዛም ያልተለመደች የአውሮፓ መኪና ይዞ አንድ ሴንሰር ከውጭ ከሚጠብቅ ሰው በእርግጥ ይሻላል፤ መኪናዋን የፈቱ እጆች ብዙ ሲሆኑ ስህተቱም ይቀንሳል። ይህ ትክክል ነው፤ ከላዳ ዘመን የወረስነው ጥበብም ይኸው ነው። መለዋወጫ መኖሩ የሚነግረን ግን ብትበላሽ የት እንደምንሄድ ነው። ከሁለት ራቭ ፎሮች የትኛዋ እንደምትበላሽ አይነግረንም፤ ገዢ ደግሞ የሚመርጠው በአብዛኛው ከሁለት ራቭ ፎሮች ነው። በውጭም እኮ ሰው በሞዴል ስም ይገዛል የሚለውም እውነት አለው፤ የአሜሪካው ኮንሲዩመር ሪፖርትስም ሆነ የጀርመኑ ቱፍ ሞዴሎችን በደረጃ ያስቀምጣሉ። እነሱ ግን ስሙን በዓመተ ምርትና በዕድሜ ከፋፍለው ነው የሚመዝኑት፤ ገዢውም ከደረጃው በተጨማሪ የግሏን መኪና መዝገብ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የሚኖር ወገናችን የመኪናዋን ታሪክ የሚዘረዝረውን የካርፋክስ ወረቀት ሳያይ ዋጋ አይነጋገርም፤ ያው ሰው አዲስ አበባ ላለች እህቱ መኪና ሲገዛ ግን የሚጠይቀው ስም ነው። የተለወጠው ሰውየው ሳይሆን የሚጠየቀው ወረቀት መኖር አለመኖሩ ነው።

ሌላው መልስ ጥሩ መካኒክ ይዞ መሄድ ይበቃል የሚል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ መካኒክ ሳይዝ የሚገዛ ሰው በእርግጥ ራሱን ይጎዳል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስቶ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ እንደሆነ ማየት፣ የዘይት መክደኛውን ከፍቶ ውስጡ ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ መፈለግ፣ ስቱኮ ያለበትን ላሜራ በማግኔት መለየት፣ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ቆጣሪው 60,000 ካለ መጠርጠር፣ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩ ናቸው። ይሁንና ዘይት የምትበላ መኪና በዋዜማው ወፍራም ዘይት ከተደረገላት ለፈተናው ግማሽ ሰዓት ጨዋ ሆና ልትቆይ ትችላለች፤ ከ2ኤዜድ ብሎክ ጀርባ የሚሰርገው ውሃም ሞተሩ ታጥቦ ከመጣ አይታይም። መካኒኩ የሚያየው የዛሬውን ነው። ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ ደካማ ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ቢደነግግም፣ ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት እንደነበረ ለማሳየት ያለፈውን የሚናገር ነገር ያስፈልጋል።

ወረቀትስ አይዋሽም ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው። ይዋሻል። አሜሪካ በ1972 ቆጣሪ መቀነስን በፌዴራል ሕግ ከልክላ እንኳ ማጭበርበሩ ስላልቆመ ነው ካርፋክስ በ1984 በሚዙሪ ግዛት የተመሠረተው። መፍትሔ የሆነው አንድ የታመነ ወረቀት ሳይሆን የብዙ እጅ ጽሑፍ ነው። ቤልጂየም ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ጋራዦች፣ የጎማ ቤቶችና ምርመራ ጣቢያዎች መኪና በገባች ቁጥር ቆጣሪዋን አንብበው ወደ አንድ ማዕከል እንዲልኩ፣ ሻጭም ያን ዝርዝር ለገዢ ሳይሰጥ እንዳይሸጥ አደረገች፤ የተቀነሰ ቆጣሪ እዚያ ብርቅ ሆኗል። አንድን ደብተር ማጭበርበር ይቻላል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ በአሥር የተለያዩ ሰዎች የተላከ ንባብን ግን ወደ ኋላ ሄዶ ማረም የሚችል ሻጭ የለም።

ጉዳዩ ለእኛ አሁን የከበደበት ምክንያት አለ። በ2024 መጀመሪያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የቤንዚን ኤስዩቪ ታሪክ አበቃ የሚሉ አሉ፤ እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ከውጭ የሚተካት ካልገባ፣ ዛሬ ከተማ ውስጥ ያሉት ራቭ ፎሮች፣ ቪታራዎችና ቴሪዮሶች ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ የዱባይ መንገድ የሰረዘው ታሪካቸው ቢጠፋም ከዚህ በኋላ የሚኖራቸው ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ እዚሁ የሚሆን ነው። የሚጻፍበት ቦታም አዲስ መፈለግ የለበትም። እያንዳንዷ መኪና ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ ጣቢያ ትቀርባለች፣ ፍሬኗና መብራቷ ይታያል። በዚያው ሰዓት የቆጣሪዋ ንባብና የሞተር ቁጥሯ ተመዝግቦ፣ በሻንሲ ቁጥሯ ለሚጠይቅ ገዢ ክፍት ቢሆን፣ ጋራዦችም ዘይትና ቺንጋ በቀየሩ ቁጥር እዚያው ቢጨምሩበት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሽያጭ የምትቀርብ ራቭ ፎር ቢያንስ አምስት የምርመራ ጣቢያ ንባብና የጋራዦቹ ጽሑፍ ይኖራታል። ጥገናውን ያልዘለለው ባለቤት በዚያ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ከጎረቤቱ የበለጠ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።